ሱረትስ?

አክስቴ ሱረቷን የምትቋጥረው በነጠላዋ ጫፍ ነው። ቋጠሮውን ፈታ ታደርግና በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ታስነጥሳለች፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ከዚያ "እፎይ፣ ራሴን ቀለል አለኝ" ትላለች። ልጅ ሆኜም ይህንኑ አይ ነበር።

በቅርቡ ለደም ግፊቷ ክትትል ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። መድኃኒቷን ሳታጓድል እየዋጠች ግፊቷ አልወርድ ብሏል። ነርሷ መለኪያውን ከክንዷ እየፈታች "እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለቻት።

"በስመ አብ! እኔ ሲጋራ?"

አክስቴ አልዋሸችም። ነርሷም "አያጨሱም" ብላ ጻፈች። ቋጠሮው እዚያው ነጠላዋ ላይ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ። ሱረትን ከትምባሆ ቆጥሬው አላውቅማ።

ሱረት የተፈጨ ትምባሆ ነው። አንዳንዶች አመድ ይቀይጡበታል፤ አመዱ ኒኮቲኑ በፍጥነት ወደ ደም እንዲሰርግ ያግዘዋል። ሱዳኖች ቶምባክ የሚሉትን ትምባሆ አትሮን በሚባል ጨው ሲያሹትም የሚሆነው ይኸው ነው። ኒኮቲን ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል። አክስቴ "ቀለል አለኝ" በምትልበት ሰዓት ልቧ ላይ ሸክም እየተጨመረ ነው።

ጭስ ስለሌለው ከሲጋራ ይሻላል የሚሉ አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይተነፈስበትምና እውነት አላቸው፤ ከሲጋራ ማነሱ ግን ለልብ ደህና ነው ማለት አይደለም። 52 አገሮችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የኢንተርኸርት ጥናት፣ ትምባሆ የሚያኝኩ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ትምባሆ ከማይነኩት ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከስዊድን የወጣው ጥናት ነው። እዚያ በከንፈር ሥር የሚያዝ ስኑስ የሚባል ትምባሆ አለ። ልባቸውን ታመው ከተረፉ 2,474 የስኑስ ተጠቃሚዎች 675ቱ አቆሙት። በ2 ዓመት ገደማ ክትትል፣ ያቆሙት ሰዎች የሞት መጠን ካላቆሙት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ማቆማቸው ብቻ ነው ያተረፋቸው ለማለት ባይቻልም፣ ከታመሙ በኋላም አልመሸም ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኬት 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። መልካም ሕግ ነው። ገበያ ላይ ተሰፍሮ በፌስታል የሚቋጠር ሱረት ግን ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ፓኬት የለውም። እናቶቻችንን የሚያስጠነቅቃቸው ሰው ነው፤ ያውም ግፊታቸውን የሚለካው ሰው። እባካችሁ፣ "ያጨሳሉ?" ካላችሁ በኋላ "ሱረትስ?" በሉልን። ጥያቄው አንድ ቃል ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እኔው ጠየቅኋት፤ በቀን ስንት ጊዜ ትስቢያለሽ አልኳት። በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ጠዋት ስትነሳ፣ ከቡና በፊት፣ ከቡና በኋላ፣ ገበያ ስትወጣ... ሰባት ላይ ስትደርስ ቆጠራውን ተወችና ቋጠሮዋን አየት አደረገችው።