ላፕቶፑ ይቅር፣ ፋይሉን አድኑ

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ላፕቶፔ አልበራም አለ። ይዤው መገናኛ ሄድኩ። ጠጋኙ ልጅ ፈታቶ አየውና «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ባክአፕ አለሽ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ያተረፈኝ ዕድል ነው። ሦስቱን ምዕራፎች ጓደኛዬ እንድታርምልኝ በቴሌግራም ልኬላት ነበር። አራተኛውን ግን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ዘጠኝ ሌሊት ፈጀብኝ።

ኢኮኖሚክስ እየተማርኩ ይቺን ቀላል ሒሳብ አለማስላቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ዛሬ ደግሞ ሒሳቡ ብሷል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100 ብርን አልፏል። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ሌላ መግዛት ቤተሰብ የሚመክርበት ጉዳይ ሆኗል። ፋይል ማስቀመጥ ግን ምንም አያስከፍልም ማለት ይቻላል። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም ይቻላል። የጽሑፍ ፋይል ደግሞ ዳታ አይበላም። ፍላሽ ላይ ብቻ ግን አትተማመኑ፤ ከየፕሪንት ቤቱ ቫይረስ ለቅሞ ይመጣል።

ችግራችን ብር ሳይሆን «ነገ አደርገዋለሁ» ማለታችን ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!

ስለዚህ ማታ ላፕቶፑን ከመዝጋታችሁ በፊት የዕለቱን ሥራ ላኩት። ከተበላሸም አትደብቁ፤ የማስረከቢያው ቀን ሳይደርስ ለመምህራችሁ ንገሩ። ቀሪውን በላይብረሪ ኮምፒውተር፣ ካልሆነም በስልካችሁ ጎግል ዶክስ ላይ ቀጥሉ። እኔ ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት በስልኬ ነው።