ጻፉበት፤ ከፍ አድርጋችሁም አስቀምጡት

ገበሬ ወገኖች ሆይ! በረኪና ልብስ ያነጣል፤ ተሐዋስያንን ይገድላል። ባለ 5 በመቶውን አንድ ኩባያ በ9 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ብትበጠብጡት ወለልና ሽንት ቤት ያጸዳል። አደጋው ያለው አቀማመጡ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን በረኪናን በባዶ ሃይላንድ እንገለብጣለን። ሐራ ደግሞ ቆላ ናት፤ ውሃ ጥም ይጠናል። ከብት ጠብቆ የገባ ልጅ ውሃ መስሎት አንሥቶ ይጨልጠዋል። በረኪና አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

እንግዲህ ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ «በረኪና ነው፤ አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉበት። ግን ጽሕፈት ብቻውን አይበቃም፤ ሕፃን አያነብም። እጁ ከማይደርስበት፣ ከምግብና ከመጠጥ ውሃ አርቃችሁ አስቀምጡት።

በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ልጅ ከጠጣ አፉን በውሃ አስጉመጥምጡት። አታስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ፊደል የተማርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችንን ሕይወት ለመጠበቅም ነው።