ባዶ ወንበር ስናይ ያመሸን እኛ

ጓደኞቻችን ሆይ! ቁጣችንን ከራሳችን እንጀምራለን። መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ ዘጠኝ ሆነን በአንድ ጠባብ ዶርም ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተፋፍገን፣ የኢንተርኔት ጥቅል አዋጥተን፣ ወንበር ስናይ አመሸን። አዎን፣ ወንበር! ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» ለሚለው ሥራው የመረጣቸውን ተዋንያን ስም በወንበር ጀርባ ላይ እያጻፈ፣ አንድ በአንድ፣ በቀጥታ ሥርጭት አሳየ። ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሃያ ሰባት ስም ታየ። ካሜራው ከወንበር ወደ ወንበር ይሳባል፤ እኛም አዲስ ስም በታየ ቁጥር እንጮኻለን፣ እንጨባበጣለን፣ እንሰዳደባለን። በማግስቱ ያስረከብነው የቤት ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበር አይነሣ።

ለመሆኑ ምን አየን? ታሪክ አላየንም። ንግግር አልሰማንም። ፊልሙ ገና አልተሠራም ነበር። ያየነው ማስታወቂያ ነው፤ እሱንም በራሳችን ገንዘብ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

«ድሮስ! የፈረንጅ ተረት ተዉና ወደ ቁም ነገር ተመለሱ» የሚሉን ታላላቆቻችን ይህን አንብበው ደስ እንዳይላቸው አስቀድመን እንናገር። ከእነሱ ጋር አይደለንም። ተረት መውደድ ወንጀል ከሆነ አያ ጅቦን በአያቶቻችን ጉልበት ሥር ሆነን የሰማን፣ የሶምሶንን ጠጉር ታሪክ በልጅነታችን ያጠናን ሁሉ ወንጀለኞች ነን። ካባ ለብሶ የሚበር ሰው ፊልም ብሎ መናቅ ሳያነቡ መተቸት ነው። እኛ የምንጣላው ወድደናል ከሚሉት፣ ግን የወደዱትን ከማያዩት ጋር ነው። ይኸውም ከራሳችን ጋር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካፌም፣ በላውንጅም፣ በዚህች ልሳን የውይይት ምሽትም ላይ ስለ ልዕለ ኃያላን ፊልም ሲነሣ የሚነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኗል፦ ማን ይጫወተው? እገሌ ለባትማን አይሆንም፣ እገሊት ቀጠነች፣ እገሌ ጠቆረ፣ እገሌ አረጀ። ፊልሙ ወጥቶ ከታየ በኋላ ግን ዝም! ስለ ሚቀጥለው ፊልም ተዋናይ ክርክር ተጀምሯላ። ሠርጉን ትቶ ስለ ሽማግሌ ላኪው ብቻ የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኛ ነን።

ይህ በሽታ በእኛ አልተጀመረም። በ1988 ማይክል ኪተን ባትማን ሆኖ እንዲሠራ መመረጡ ሲሰማ፣ ሰውዬው የቀልድ ፊልም ሰው ነበርና፣ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ወደ 50,000 የሚጠጋ የተቃውሞ ደብዳቤ እንደ ጎረፈ ይነገራል። ያን ጊዜ እንግዲህ ብዕር አንሥቶ፣ ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ነው። ፊልሙ በ1989 ወጣ፤ ዛሬ ያ ትውልድ ባትማን ሲባል የሚጠራው እሱን ነው። በ2006 ደግሞ ሂዝ ሌጀር ጆከር እንዲሆን ተመረጠ። «ይህ የፍቅር ፊልም ልጅ!» ተብሎ ተሳቀበት። ወጣቱ በጥር 2008 በሃያ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ወጣ፤ በ2009 ኦስካሩን ቤተሰቡ ተቀበለለት። የሳቁበት ሰዎች ይቅርታ ሲጠይቁ አልሰማንም። በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ሳይወጣ የተጻፈበት ስድብ ከመብዛቱ የተነሣ ሮተን ቶሜቶስ የተባለው የፊልም አስተያየት መሰብሰቢያ፣ ፊልም ለተመልካች ከመውጣቱ በፊት አስተያየት መስጠትን ዘጋ። ያልበላውን ወጥ ጨው በዛበት የሚል ሰው ሲበዛ ምን ይደረግ?

«እኛ እኮ የምንከራከረው ለመጽሐፉ ታማኝነት ስንል ነው» ይላሉ። ይህች ታማኝነት የምትባለዋን ነገር ቀረብ ብለን እንያት፤ ዋናው ጠባችን እዚህ ላይ ነውና።

በ2011 «ቶር» በተባለው ፊልም ኢድሪስ ኤልባ ሃይምዳልን ሲሆን፣ «የኖርዲክ አምላክ እንዴት ጥቁር ይሆናል?» ተብሎ ጩኸት ተነሣ። ዶሮ ከመጮኹ በፊት ስለ ነጭነት የሚጮኹ ማኅበሮች ፊልሙ እንዳይታይ ቀሰቀሱ። በቀስተ ደመና ድልድይ ላይ ቆሞ ዘጠኝ ዓለም የሚጠብቅ አምላክ ይታመናል፤ ቆዳው ግን አይታመንም! በ2015 ማይክል ቢ. ጆርዳን ጆኒ ስቶርምን ሲሆን ያው ጩኸት ተደገመ። (ያ ፊልም መጥፎ ነበር፤ እናምናለን። ያጠፋው ግን የጆርዳን ቆዳ አልነበረም።) በ2018 አና ዲዮፕ የተባለች ሴኔጋላዊት አሜሪካዊት ስታርፋየርን ስትጫወት፣ መልኳ ላይ የወረደው ስድብ ከብዛቱ የተነሣ የማኅበራዊ ገጿን አስተያየት ለመዝጋት ተገደደች። ስታርፋየር በመጽሐፉ ከሌላ ፕላኔት የመጣች፣ ቆዳዋ ብርቱካንማ የሆነ ፍጡር ናት። ብርቱካንማ! ከየትኛው አገር ተገኝታ ነው ለመጽሐፉ ታማኝ የምትሆን?

እንግዲህ ወደ ወንበሮቹ እንመለስ። ከሃያ ሰባቱ አንዱ የሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ነበር። ከ2008 ጀምሮ አይረን ማን ሆኖ ያየነው፣ በ2019 በ«ኤንድጌም» ሞቶ ያለቀስንለት ሰው፣ በሐምሌ 2024 በሳን ዲዬጎ መድረክ ላይ ጭምብል አውልቆ ዶክተር ዱም ሆኖ ተገለጠ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። የእኛም ዶርም እንዲሁ።

ዶክተር ዱም ማነው? ያነበበ ያውቃል። በ1964 በታተመው ታሪኩ መሠረት የሮማኒ ልጅ ነው፤ በአውሮፓ ለዘመናት የተሳደደው፣ ጂፕሲ እየተባለ በንቀት የሚጠራው፣ በናዚዎች ዘመን በጅምላ የተፈጀው ሕዝብ ልጅ። አባቱ ባህል ሐኪም ነበር፤ የባላባቱን ሚስት ማዳን አልቻልክም ተብሎ ሲሳደድ በብርድ ሞተ። የዱም ክፋት ከዚያ ሌሊት ይጀምራል። ይህን ካወጣችሁለት የሚቀረው ብረት ልብስና አረንጓዴ ካባ ነው።

ታዲያ እነዚያ የታማኝነት ዘበኞች ምን አሉ? ከእነሱ ብዙዎቹ አጨበጨቡ። ስለ ሃይምዳል ሌሊቱን ሙሉ የተሟገተን አንድ ጓደኛችንን ጠየቅነው። «ኧረ ዳውኒ ከሆነ ችግር የለውም!» አለን። ችግር የለውም። ነጩ ገጸ ባሕርይ ጥቁር ሲሆን መጽሐፍ ይጠቀሳል፣ ገጽ ይቆጠራል፤ የተገፋው ሕዝብ ልጅ በታወቀ ኮከብ ሲተካ መጽሐፉ ይታጠፋል። ይህ ታማኝነት ሳይሆን ሌላ ስም ያለው ነገር ነው፤ ስሙንም ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያሳፍረው ደግሞ ይህንን ክርክር ከባሕር ማዶ ተቀብለን የምንደግመው እኛ፣ በዚያው ክርክር ውስጥ ብንገባ የምንሰደበው እኛው መሆናችን ነው። ሩት ነጋን በ«ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ስናይ «አዲስ አበባ የተወለደች፣ የእኛ ልጅ!» ብለን እንዘልላለን፤ ጥቂት ቆይቶ ያው አፋችን እገሊት ጠቆረች ይላል።

አንድ ነገር ግን የሀገራችን ቋንቋ ራሱ ያሳስተን ይሆን ብለን ጠርጥረናል። በልጅነታችን በሰፈር ቪዲዮ ቤት «አክተሩ» ስንል ተዋናዩን ማለታችን አልነበረም፤ ጀግናውን ነው። «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ ያልሰማ አለን? በአማርኛ ትርጉም የሚመጡትን ፊልሞች ስናይም ተርጓሚው ደጋግሞ የሚነግረን ይህንኑ ነበር። ሰውየውና ሚናው ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ዳውኒ ተመልሶ ሲመጣ የታየን ሌላ ገጸ ባሕርይ ሳይሆን የሞተው አክተራችን ትንሣኤ ነው። ነጋዴዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ ሕጋችንን ግን አሳምረው ያውቃሉ። ፊልሙን ከግንቦት ወደ ታኅሣሥ 2026 ማዛወራቸውን በ2025 ሲነግሩን እንኳ ያዘንነው የምንወደው ዘመድ የቀረብን ያህል ነበር።

ስለ ተዋናይ መነጋገር ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2020 በካንሰር ሲሞት የተነሣው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነበር። ቲቻላን ሌላ ሰው ይጫወተው፣ ወይስ ከተዋናዩ ጋር ይቀበር? ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ አይተካም አለ፤ በ2022 የወጣውም ሁለተኛው ፊልም ራሱ ለቅሶ ሆነ። «ይተካ» ያሉት ወገኖች ግን ያቀረቡት ነገር ከባድ ነው፦ ባትማን ስንት ፊት ቀያየረ! ጥቁሩ ንጉሥ ብቻ ለምን ከአንድ ሰው ጋር ይሞታል? እኛ በዚህ ላይ ተከፋፍለናል፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር ሲባል ልባችን የሚመታ ሰዎች ነንና የዋካንዳ ዙፋን ባዶ ሲሆን ነገሩ ከቀልድ በላይ ነክቶናል። እዚህ ላይ ክርክሩ ስለ ሞት፣ ስለ ውርስ፣ አንድ ምስል የማን እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለውን አምጡልን፤ እስኪነጋ እንቀመጣለን።

የማንነጋገርበትን ደግሞ እንናገር። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ልጆች ነበሩ። በ1938 ሱፐርማንን ለአሳታሚ ሲሸጡ እንደ እኛ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ሠዓሊ። የተከፈላቸው 130 ዶላር ነው፤ መብቱም በዚያው ሄደ። ሹስተር ዓይኑ ደከመ፤ ሁለቱም ተቸገሩ። በ1975፣ ትልቁ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ሲል፣ ሲግል ለጋዜጦች ከጮኸ በኋላ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ቆረጠ፤ ስማቸውም ተመለሰ። በ1978 በወጣው በዚያው ፊልም ላይ ማርሎን ብራንዶ ጥቂት ደቂቃ ለሚታይበት ሚና የወሰደው 3.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብራንዶ ለሚናው ይሆናል አይሆንም ብለን እንከራከራለን። የ130 ዶላሩን ቼክ ያነሣ ግን በመካከላችን አልነበረም። ቢል ፊንገርም ባትማንን ከፈጠሩት አንዱ ነው፤ በ1974 ሞተ፤ ስሙ በይፋ የተጻፈለት በ2015 ነው።

ቅርብ ጊዜም የመጣ እንደ ሆነ፣ በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ አቁመው ቆዩ፤ ተዋንያኑም ተከተሉ። እኛ ያን ጊዜ «ፊልም ዘገየብን» ብለን አጉረመረምን። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በኮምፒውተር እሳቱን፣ ሰማዩንና የሚፈርሰውን ከተማ የሚሠሩት የማርቭል ሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት ያለ አንዳች ተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። ወንበር ላይ የማይጻፍ ስም ያላቸው ሰዎች! እኛማ ከሱቅ በፍላሽ ገልብጠን የምናይ ነን፤ ስለ ሰው ደመወዝ ለመናገር አፍ የለንም የሚል ቢመጣ እውነቱን ነው። ቢሆንም እንናገራለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው ወር የውይይት ምሽት «ማን ይጫወተው» የሚል ጽሑፍ አንቀበልም። ያየኸውን ፊልም አንድ ትዕይንት ይዘህ ና፤ ያየሽውን ይዘሽ ነይ። ማን ጻፈው፣ ማን ሰፋው፣ ከየት አመጣው? የአዘጋጅ ክፍላችን ሁለት ገጽ ባዶ ትቶ ይጠብቃል።

እኛ ሞክረነዋል። ባለፈው ቅዳሜ የ2018ቱን «ብላክ ፓንተር» እንደ ገና ከፈትነው። ስንት ጊዜ አይተነዋል! ከምክር ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰው፣ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ክብ ገል ሰክቷል። ከጂንካ የመጣ ጓደኛችን «አቁሙት!» አለ። አቆምነው። «ይህ እኮ የሙርሲና የሱሪ ሴቶች ጌጥ ነው። ወንዱ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። ስድስት ዓመት በዋካንዳ ስንኮራ፣ ማን ንጉሥ ይሁን ስንል፣ የገዛ አገራችን ገል በወንድ ከንፈር ላይ ሲያልፍ ያየው የለም። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር በ2019 ኦስካር የወሰደችበት ፊልም ነው፤ ከሂምባ፣ ከማሳይ፣ ከዙሉ፣ ከባሶቶ ብርድ ልብስ ለቅማ የሠራችው። ስህተት ነው? ወይስ ዋካንዳ የራሷ ወግ አላት? ሦስታችን ስህተት ነው አልን፤ ሁለቱ ልብ ወለድ ነው፣ ነፃነት አለው አሉ። የጂንካው ልጅ «መጀመሪያ የጠየቁት ማንን ነው?» አለ።

ማንን እንደ ጠየቁ ለማየት ፊልሙን እስከ መጨረሻው ገፋነው። ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ የምንዘጋው እዚያ ላይ ነበር። ሰፊዎች፣ ቀለም ነካሪዎች፣ ጠጉር ሠሪዎች፣ የኮምፒውተር ሠራተኞች፤ መስመሩ አያልቅም። የአልባሳት ክፍሉ ላይ ሳለን ባትሪው አለቀ።