ፈጣኑ ኔትወርክ ሥራ ፈትቷል

ኢንተርኔት ሲዘገይ ሁላችንም የምንወቅሰው «ኔትወርኩን» ነው። ይሁን እንጂ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የምንጠቀመው ሁለት ኔትወርክ ነው፤ አንዱ ኮምፒዩተሮቹን እርስ በርስ ያገናኛል፣ ሌላው ግቢውን ከውጭው ዓለም ጋር። ወቀሳው የሚገባው ለሁለተኛው ብቻ ነው።

በቅድሚያ መለኪያውን እናጥራ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን ደግሞ በባይት ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ8 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ከ1 ሜጋባይት በላይ አያመጣም። (ሻጮች ቢትን የሚመርጡት ቁጥሩ ስለሚገዝፍ ይመስለኛል።)

አንድ ሲዲ የሚሞላ 700 ሜጋባይት ፋይል እንውሰድ። የቀድሞው የ56 ኪሎቢት የስልክ ሞደም ይህን ለማምጣት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የ4 ሜጋቢት የኤዲኤስኤል መስመር 23 ደቂቃ ያህል፣ የ100 ሜጋቢት ኢተርኔት 56 ሰከንድ፣ የጊጋቢት ኢተርኔት ደግሞ ከ6 ሰከንድ ያነሰ ይበቃዋል። እነዚህ በወረቀት ላይ ያሉ ስሌቶች ናቸው፤ በተግባር ሁሉም ያንሳሉ። ኤዲኤስኤል የመዳብ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የ54 ሜጋቢት ዋይፋይ ከተጻፈበት ቁጥር ግማሹን እንኳ መስጠት ይቸግረዋል፤ አየሩ የጋራ በመሆኑ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃልና። በቤቱ ውድ የዋይፋይ መሣሪያ የሚተክል ሰውም ከውጭ የሚገባው መስመር 4 ሜጋቢት ከሆነ ድረ ገጾች ከዚያ በላይ አይፈጥኑለትም።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። 40 ተማሪዎች ያንኑ ፋይል በጋራ የ10 ሜጋቢት የውጭ መስመር እያንዳንዳቸው ቢያወርዱ ከ6 ሰዓት በላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያወርደው ግን ከ10 ደቂቃ በታች ይበቃል፤ ከዚያም በጊጋቢት የተገናኘ የግቢው ሰርቨር ለ40ዎቹም በ4 ደቂቃ ገደማ ሊያድላቸው ይችላል። ገመዱም ስዊቹም ተገዝተው ተዘርግተዋል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ አይደለምን?

የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ስለሆነ፣ አንድን ነገር 40 ጊዜ ከውጭ ማስመጣት ውድ ልማድ ነው። ቀድሞ መሃል ላይ የሚቀመጥ ፕሮክሲ የተጎበኙ ገጾችን ቅጂ ይዞ ይቆይ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ስለሚመሰጠሩ ያ ዘዴ ጉልበቱን አጥቷል። ስለዚህ የሚበጀው አስቦና መርጦ በግቢ ውስጥ ማከማቸት ነው፦ የመምህራን የትምህርት ቪዲዮዎች፣ የነጻ ሶፍትዌሮች፣ እንዲሁም ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው ሙሉ ዊኪፔዲያ።

ለዚህ የውጭ መስመሩን ማሳደግ አያስፈልግም የሚል የለም፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን ያ የበጀትና የውል ጉዳይ ነው፣ ዓመታት ሊወስድም ይችላል። የግቢው ቤተ መጻሕፍት ግን አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክና ይዘቱን በየወሩ የሚያድስ ሰው ይበቃዋል። ከሦስቱ ጠፍቶ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነውና፣ ሥራው ለተማሪዎች የኮምፒዩተር ክበብ ቢሰጥና የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍም አብሮ ቢሰጣቸው እመርጣለሁ።