ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ዘይት ሲያፈስ

ዛሬ ስለ መኪና ዘይት እንነጋገራለን።

«የመኪና ነገር ለገበሬ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የወገራ ገበሬ ገብሱን፣ ባቄላውንና ድንቹን ወደ ጎንደር የሚያወርደው በመኪና ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደውም በመኪና ነው። የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በመኪና ነው። ከልጆቻችን መካከል ሾፌር የሆነ አለ፤ ረዳት የሆነ አለ። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለ ሚኒባስ የገዛም አለ። የናፍጣ ወፍጮም ቢሆን ሞተሩ ያለ ዘይት አይሠራም። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን በጎመን ዘር ያሰሱታል። ምጣዱ ካልታሰሰ እንጀራው ይጣበቃል። ሞተርም እንዲሁ ነው። በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በፍጥነት ይሠራል። ዘይቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይገባል። ብረቱ እንዳይፋጭ፣ እንዳይግል ያደርጋል። ቆሻሻውንም ያጥባል።

ዘይት ሲቆይ ይጠቁራል፤ ኃይሉም ይደክማል። ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል። አቀያየሩ ይህ ነው፦ ከሞተሩ ሥር ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ይፈታል። አሮጌው ዘይት ይወርዳል። አሮጌው ፊልትሮ ወጥቶ አዲስ ይገባል። ቡሎኑ ይታሠራል። አዲስ ዘይት ከላይ ይሞላል።

ቡሎን፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ክሪክ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ሳለ ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን መንገድ ሠራ። ወራሪው ተባርሮ ሄደ፤ መንገዱና የጋራዡ ቃል ግን ቀረ።

በማግስቱ ጠብታ ቢታይስ?

እንበል፣ ዘይቱ ትናንት ጎንደር ተቀየረ። ዛሬ ጧት መኪናው ከቆመበት ሥር ጥቁር እርጥበት ታየ። ረዳቱ አየና ሾፌሩን ጠራው።

«ጋሼ፣ ከሥር ዘይት አለ።»

«ትናንት ሲቀይሩት የተንጠባጠበ ነው። ይልቅ ሰው ጫን!»

«ይሁን ጋሼ፣ ግን መለኪያውን ልየው።»

ማን ትክክል ነው? ሾፌሩ ያለው ሊሆን ይችላል። ዘይት ሲቀየር ጥቂት ይፈስሳል፤ በብረቱ ላይ ይቀርና በማግስቱ ይንጠባጠባል። ይህ አይጎዳም። ነገር ግን ሳያዩ «ምንም አይደለም» ማለት አይገባም። ረዳቱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሞተር ከተበላሸ ግን የስንት ዓመት ልፋት ይጠፋል።

ዘይት ከተቀየረ በኋላ ሲያፈስ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ነው።

አንደኛ፣ የማፍሰሻው ቡሎን አልጠበቀም። ወይም ከቡሎኑ ጋር የሚገባው ቀጭን ቀለበት አርጅቷል፤ ወይም ሳይገባ ተረስቷል። አንዳንዱ ደግሞ «ይጥበቅ» ብሎ በጉልበት ያጠብቃል። ያን ጊዜ ጥርሱ ይበላል። ጥርሱ የተበላ ቡሎን ቢታሠርም አይዝም።

ሁለተኛ፣ ፊልትሮው በደንብ አልገባም። ፊልትሮ አፉ ላይ ክብ ጎማ አለው። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማው አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ከገባ ጎማው ሁለት ይሆናል። ሁለት ጎማ ዘይት አይዝም። ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በኃይል ይወጣል። ስለዚህ ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ አዲሱን ጎማ ትንሽ ዘይት መቀባት፣ ከዚያ በእጅ ማጥበቅ ያሻል። ስንት ዙር እንደሚጠብቅ ብዙውን ጊዜ በፊልትሮው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ዘይቱ በዝቷል። «ቢበዛ ምን አለበት?» እንዳትሉ። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ይንጠዋል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ብረት አያሰልስም። ትርፉ ዘይትም በየቀዳዳው ይገፋል።

አራተኛ፣ የዘይት መሙያው ክዳን አልተዘጋም። ወይም ሠራተኛው ከሞተሩ ላይ አስቀምጦት ረስቶታል። ያን ጊዜ ዘይቱ ከላይ ይረጫል።

አምስተኛ፣ ማፍሰሱ የቆየ ነው። ሞተሩ አርጅቶ ጎማዎቹ ደርቀዋል። አሮጌው ዘይት ወፍራምና ቆሻሻ ስለ ነበር ቀዳዳውን ደፍኖት ኖሯል። ይህ የቀየረው ሰው ጥፋት አይደለም።

ከየት እንደሚያፈስ እንዴት እናውቃለን?

ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፉ። ጧት እዩት። ጠብታው ከወደቀበት ቦታ በላይ ያለውን ተመልከቱ። ዘይት ግን ከላይ ወርዶ ሌላ ቦታ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ቡሎኑንና ፊልትሮውን በጨርቅ ጥረጉ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሡ። አጥፉና እንደ ገና እዩ። መጀመሪያ የረጠበው ቦታ የሚያፈስሰው ነው።

ከዚያ ዘይቱን ለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእኛ አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ መኪናው ካዘመመ መለኪያው ይዋሻል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የመለኪያውን ዘንግ አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገቡ፣ እንደ ገና አውጡ። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ደኅና ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይጨመር። ከላይኛው ካለፈ ትርፉ ይውረድ።

መቼ እንቁም?

ጠብታው ጥቂት ከሆነ፣ መለኪያውም ደኅና ካለ፣ መኪናውን ወደ ቀየረው ሰው መመለስ ይቻላል። በመንገድ ላይ ግን ዘይቱን ደጋግሞ መለካት ያሻል።

ዘይቱ እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ግን መኪናው አይነሣ።

በሾፌሩ ፊት ለፊት ልዩ ልዩ መብራት አለ። ከእነዚህ አንዱ ቀይ ነው። ሥዕሉ ጀበና ይመስላል፤ ከአፉም ጠብታ ይወርዳል። ይህ ሥዕል የዘይት ምልክት ነው። ፊደል ያልቆጠረም ሊያነበው ይችላል። ሞተር ሲነሣ በርቶ ወዲያው መጥፋት አለበት። በጉዞ ላይ ከበራ ዳር ይዞ ማቆም፣ ሞተሩንም ወዲያው ማጥፋት ነው። «እስከ ደባርቅ እንደ ምንም ያድርሰኝ» ማለት አያዋጣም። ዘይት ያጣ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ብረቱ ግሎ ተጣብቆ ይቀራል። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም እንደ ልብ አይዝም። ያን ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በመኪናው ውስጥ እናት አለች፤ ልጅ አለ። ዘይት በጋለው ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብም ይጨሳል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ተሳፋሪም ዝም አይበል። ጭስ ካያችሁ፣ የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ቆም በልና እየው» በሉ። ይህ ነውር አይደለም።

እንጠንቀቅ

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል፤ ሰው ይገድላል። መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍ፤ ጎማውም በድንጋይ ይታገድ። የጋለ ዘይት ስለሚያቃጥል ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ። ቡሎኑ ላይ ላስቲክ ጠምጥሞ መሄድም መፍትሔ አይደለም።

የተቃጠለውን ዘይት በማሳ፣ በወንዝ፣ በምንጭ አጠገብ አትድፉት። ጥቂቱ ብዙ ውሃ ያበላሻል። ላዩ የተደፋው ታች ያለውን ያገኘዋል። የጎንደር ከተማ ሰው ከአንገረብ ግድብ ይጠጣል፤ የመገጭ ወንዝም ጣና ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ለቁስል፣ ለእከክ፣ ለከብት ቅማል መድኃኒት አይደለም። ቆዳን እየነካ ሲኖር ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እጃችሁን ከነካ በሳሙና ታጠቡ። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሙና ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። በጀሪካኑም ላይ በትልቁ «የተቃጠለ ዘይት» ብላችሁ ጻፉ። ያልተጻፈበትን ጀሪካን ሰው የምግብ ዘይት ይመስለዋል።

ደብተር ይኑር

ብዙ ጠብ የሚነሣው ነገሩ ሳይጻፍ ስለሚቀር ነው። ባለቤቱ ሾፌሩን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይላል። ሾፌሩ «ጋራዡ ነው» ይላል። ጋራዡ «ከእኔ ዘንድ ደኅና ወጥቷል» ይላል። በመጨረሻ ከሾፌሩ ወይም ከረዳቱ ደመወዝ ይቆረጣል። አሁን ግን ማንበብና መጻፍ እንችላለን። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አራት ነገር እንጻፍ፦ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፣ የገባውን ዘይት ልክ በሊትር፣ የቀየረውን ሰው። ደረሰኝ እንቀበል፤ አንብበንም እናስቀምጥ። ከጋራዥ ከመውጣታችን በፊት ሞተሩን አስነሥተን ከሥር እንይ። ማፍሰሱን ያየን ዕለት ወዲያው እንመለስ። ሳምንት ነድቶ የሚመለስን ሰው ማንም አይሰማውም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ታግዷል። በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና መጠበቅ እንግዲህ የበለጠ ያስፈልጋል።

እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በደብተራችሁም ጻፉ፦

ዘይት። መለኪያ። ቡሎን። ፊልትሮ። ጠብታ። ደረሰኝ።

አንብባችሁ መልሱ፦

1. ዘይት በሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?
2. ፊልትሮ ሲቀየር ጎማው ሁለት ቢሆን ምን ይመጣል?
3. ጀበና የሚመስለው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ቢበራ ሾፌሩ ምን ያድርግ?
4. መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ዘይት ለምን አይለካም?
5. በጀሪካኑ ላይ ምን እንጽፋለን? ለምን?

በቤታችሁ ሾፌር ወይም ወፍጮ ያለው ሰው ካለ ይህን ገጽ አንብቡለት።