ጋን በጠጠር ይደገፋል

‹‹አርጅቷልና ይጣል!›› የሚለው ፍርድ በአገራችን እንዴት እንዲህ ቀለለ? ምስክር የማይሰማበት፣ ይግባኝ የማይባልበት፣ ተከሳሹ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሚዘጋ ችሎት ነው። ትናንት በአሮጌ ቤት፣ በአሮጌ መጽሐፍ፣ በአሮጌ ቃል ላይ ሲበየን አይተናል። ዛሬ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ በቆመው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እየተበየነ ነው። እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። የምቃወመው ለአሮጌ ዕቃ ፍቅር ይዞኝ አይደለም፤ ፍርዱ ሐሰት ስለሆነ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ‹‹የሥነ ጽሑፍን ሰው ከኮምፒውተር አንጀት ምን አገናኘው?›› እንዳትሉኝ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታውን ካገኘበት እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ብዕራችንም ብራናችንም ይኸው ሣጥን እየሆነ መጥቷል። የጥንቱ ጸሐፊ መቃውን ራሱ ይቀርጽ፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጥ ነበር። እኛ ግን የምንጽፍበትን ዕቃ ክዳን ከፍተን ለማየት እንኳ እንፈራለን። ያልገባን ነገር ላይ ደግሞ ሌላው እንዳሻው ይፈርድብናል።

የምጽፈው ከሐረር ነው። ሐረር ስለ አሮጌ ነገር የምትመሰክረው የራሷ ምስክርነት አላት። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚያወርደውን ጠባብ መንገድ ሕዝቡ ‹‹መኪና ግርግር›› ይለዋል። መኪናው ታዲያ ጎማ ያለው አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የሰፊዎች መኪኖች ድምፅ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ቀበቶ ሲበጠስ ቀበቶው ይቀየራል፤ መርፌ ሲሰበር መርፌው ይቀየራል። መርፌው ተሰበረ ብሎ መኪናውን የጣለ ሰፊ ግን አላየሁም። የፈረስ መጋላዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎችስ? ሞዴሉ ለዓለም የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። የሐረር መካኒኮች አንዱን ክፍል በሌላው እየተኩ፣ ባጃጅ መንገዱን እስኪያጥለቀልቀው ድረስ፣ የከተማው ሰው እግር አድርገው አኖሯቸው። የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም የጎበኘም የእጅ ጽሑፎቹን ያስታውሳል። የወለቀ ጥራዝ እንደገና ይጠረዛል እንጂ ጥራዙ ወለቀ ተብሎ መጽሐፉ አይቃጠልም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎልም ቢሆን በየትውልዱ እየተለሰነና እየተጠገነ እዚህ የደረሰ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ከተማ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ጥበቡን ለምን ይረሳል?

ወደ ነገሬ ልግባ። በሰፈራችን ያሉ ጥቂት ወጣቶች የአረጋውያንን ተረትና ወግ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይቀርጻሉ። ካሜራቸው የእጅ ስልካቸው ነው። ቀረጻውን የሚያቀናብሩበት ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር የያዘ፣ እ.ኤ.አ. የ2012 ዴስክቶፕ ነው። ጽሑፍ ያጽፋል፤ ኢንተርኔት ይከፍታል። ቪዲዮ ሲሰጡት ግን ምስሉ እየቆመ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ ‹‹ይኼ የሙዚየም ዕቃ ነው፤ አዲስ ግዙ›› አለና የዋጋ ማቅረቢያ ጽፎ ሄደ። ልጆቹ ዋጋውን ሲያዩ ሥራውን ሊተዉ ተነሡ። ከተቀረጹት አዛውንት እናቶች አንዷ በዚያው ሰሞን ዐርፈው ነበር። ድምፃቸውና መልካቸው ሳይቀናበር በዚያ ‹‹የሙዚየም ዕቃ›› ውስጥ ቀርቷል። ይጣል የተባለው እንግዲህ ሣጥኑ ብቻ አልነበረም!

ሙግቴ ይህ ነው፦ ኮምፒውተር አንድ ዕቃ ሳይሆን የብዙ ዕቃዎች ማኅበር ነው። ከማኅበሩ አንዱ ቢደክም ማኅበሩ አይፈርስም። ያ ማሽን የደከመው ምስል በሚያሰላው ክፍሉ ነበር። ከፕሮሰሰሩ ጋር ተዳብሎ የመጣው የግራፊክስ ክፍል የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከዋናው ራም እየተበደረ የሚኖር ድኃ ነው። እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉት የፊልም ማቀናበሪያዎች ደግሞ አብዛኛውን ሸክማቸውን የሚጭኑት በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ የጎደለው አንድ ካርድ ነበር። አባቶች ጋን በጠጠር ይደገፋል ያሉት ይህንን ዓይነቱን ነው።

ጠጠሩ ግን ይለካ! ‹‹ከገበያው ትልቁን ካርድ ክተቱበት›› ከሚሉትም ጋር ጠብ አለኝ፤ እነርሱም ‹‹ጣሉት›› ከሚሉት የማይሻሉ ገንዘብ አባካኞች ናቸውና። የማዘርቦርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ለካርድ የሚያጎርሰው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ገመድ የለውም፤ የእኛው ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 275 ዋት ነበር። እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም ማለት እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ሁለቱም ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲሆኑ ልካቸው 75 ዋት ነው። ከ1650ዎቹ መካከል ግን ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ ስላሉ ሳያዩ መግዛት አይገባም። የ1050 ቲአይ መደበኛ የድራይቨር ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 በማብቃቱ እኛ ገመድ የማይጠይቀውን 1650 መረጥን። ከሁለቱም የሚያንስ ኃይል የሚበላው የ2022ቱ አርኤክስ 6400 ለምን ቀረ? ቪዲዮ አጭቆ የሚያስቀምጥ ክፍል አልተሠራለትም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረውም በ4 መስመሮች ብቻ ስለሆነ በአሮጌ ማሽን ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አዲሱ ሁሉ ለአሮጌው አይበጅም። በመጨረሻም በገበያው ውስጥ ስሙ ተለውጦ የሚሸጥ የጥንት ካርድ አለና፣ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማንነቱን አረጋገጥን። ካርዱ ገባ፤ ምስልና ድምፅ ታረቁ። የእኒያ እናት ተረትም ከነፈገግታቸው ለልጅ ልጆቻቸው ደረሰ።

ተቃዋሚዎቼ ዝም እንደማይሉ አውቃለሁ። ‹‹ፕሮሰሰሩ አሮጌ ስለሆነ ካርዱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል›› ይላሉ። እውነት ነው፤ ተአምር ይሠራል ያለ የለም። ከባድ ቀረጻ የሚያቀናብር ስቱዲዮ ሌላ ማሽን ይግዛ። ጽሑፍ ብቻ የሚጽፍም ካርድ አያስፈልገውም፤ ያን ገንዘብ ለራምና ለኤስኤስዲ ያውለው። ‹‹የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም›› ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ካርድም አያድነውም። ነገር ግን ለማቀናበሪያ የተመደበ ማሽን ከኢንተርኔት ተለይቶ ሥራውን ይሠራል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ደግሞ ሊኑክስን ይሞክር። የድጋፍ ማብቂያ ቀን የማሽን የሞት ቀን አይደለም።

እኔም በተራዬ ልጠይቅ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ኮምፒውተር በዶላር የሚያስመጣ አገር የሚሠራውን እየጣለ የሚገዛው በማን ሀብት ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በወጉ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኛ ‹‹ይጣል›› የሚወድቀው በየትኛው ጓሮ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት እኛው እንዳንሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ንብረት ኃላፊ ሆይ፣ ‹‹የሚወገድ›› ብለህ ከመፈረምህ በፊት የደከመው የቱ ክፍል እንደሆነ ጠይቅ። ባለሙያ ሆይ፣ ከዋጋ ማቅረቢያው በፊት ብሎን መፍቻህን አንሣ። አንተም ጸሐፊ ወንድሜ፣ አንቺም ገጣሚ እኅቴ፣ አንድ ስንኝ ቢያነክስ ግጥሙን ሁሉ አትቀዱትም፤ ያነከሰውን ስንኝ ታቃናላችሁ። ለምትጽፉበት ዕቃ ይህንኑ ፍርድ አትንፈጉት።

ቸር እንሰንብት።