ሦስት ማዕዘን ጴንጤ አይደለም

ከሚዛን አማንም ከቴፒም አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣል። "ፓስተር፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፤ ጂኦሜትሪውን በቪዲዮ ሊያጠኑ ነው። የትኛውን እንግዛላቸው? ክርስቲያናዊ የሆነ አለ ይባላል።" የጠያቂዎቹን ቅን ልብ አልጠራጠርም። ጥያቄው ግን ከመነሻው ጠማማ ነውና ዛሬ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር።

ክርስቲያናዊ ጂኦሜትሪ የሚባል ነገር የለም። ክርስቲያን መምህር አለ፣ ክርስቲያን ተማሪም አለ። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ግን ለጴንጤውም፣ ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ እግዚአብሔር የለም ለሚለውም 180 ዲግሪ ነው። ዩክሊድ ከጌታ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ይህን በማስረጃ ጽፎ ሲያስቀምጥ ወንጌል አልተሰበከለትም፤ ማስረጃው ግን እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ፀሐይንና ዝናብን ለሁሉ የሚሰጠው አባት (ማቴ. 5፥45) ይህንንም ለሁሉ ሰጥቶታል።

ታዲያ አንድ ትምህርት መግቢያው ላይ ጥቅስ ስለተለጠፈበትና መምህሩ በጸሎት ስለጀመረ ብቻ በዶላር የምንገዛው ለምንድን ነው? ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በፍቅር ይልካሉ፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የዓመት ክፍያ ለአንድ የቡና ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅሱን ልጁ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ያገኘዋል። ከጂኦሜትሪ ትምህርት የሚፈልገው ጂኦሜትሪ ነው። ደካማ ትምህርት በጥቅስ ተሸፍኖ ሲሸጥ፣ ለእኔ የጌታን ስም በከንቱ ከመጥራት ብዙ አይርቅም።

(በሌላ በኩል "ሒሳብ ዓለማዊ እውቀት ነው፤ ልጁ ቢጸልይ ይበቃዋል" የሚሉም አሉ። እነሱን ዘጸአት 31ን አንብቡ ከማለት በቀር ጊዜ አላጠፋባቸውም። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞልቶ የሠራው ሥራ በክንድ የተለካ ሥራ ነበር።)

ቤት የሚማሩት ልጆች እነማን እንደሆኑም በግልጽ እንነጋገር። እኛ ዘንድ ነገሩ እንደ አሜሪካ አይደለም። ወላጆቻቸው አስበውበት ከትምህርት ቤት ያስወጧቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልሆንላቸው ብሎ በግል ተፈታኝነት እንደገና ለመቀመጥ የሚዘጋጁ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ከክፍል ቀርተው ያልተመለሱ፣ ታናናሾቻቸውን እንዲጠብቁ ቤት የቀሩ ሴቶች ልጆች ናቸው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። እንዲህ ያለ ውጤት የገባበት ቤት ስልክ ላይ ባለ ቪዲዮ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ግን በቪዲዮ መማር ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የተሰቀለበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሃሉን ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ይመለከታል። ፕላዝማው አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። በጂኦሜትሪ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ተማሪው መስመሩን አስምሮ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደሚቀጥለው ሥዕል ይሻገራል። መብራት ከሄደም ትምህርቱ አብሮ ሄደ። ፕላዝማ ጭራሽ ከንቱ ነበር አልልም፤ የበቃ መምህር ባልነበረበት ቦታ የበቃ መምህር አሳይቷል። ግን ማሳየትና ማስተማር የተለያዩ መሆናቸውን አገሪቱ ብዙ ገንዘብ ከፍላ ተምራበታለች።

"ስልክ እኮ ይቆማል፤ ልጁ እንደገና ሊያየው ይችላል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ማን ያቆመዋል? ያልገባው ልጅ የቱ ጋ እንዳልገባው ካላወቀ የቱ ጋ ያቆመዋል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የአገራችንን ሰው አስቡት። መጽሐፉ በእጁ ነበር። ማንበብ ይችላል። ሠረገላ አለው፣ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ጊዜም አለው። ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀው የመለሰው የሚመራው ሰው እንደሌለው ነው፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ሌላ ጥቅልል አልሰጠውም። ሠረገላው ላይ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሰውየው ካነበበበት ቦታም ጀመረ። ልጆቻችን ዘንድ ጥቅልሉ በሽ በሽ ነው፤ በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በቴሌግራም። የጠፋው ሠረገላው ላይ የሚወጣው ሰው ነው።

ነገሩን በቡናችን ላሳያችሁ። አንድ ገበሬ ችግኙን በሁለት ሜትር ርቀት አራት ማዕዘን አድርጎ ቢተክል ለእያንዳንዱ ችግኝ 4 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና 2,500 ችግኝ ይገባል። ረድፎቹን አዛንፎ በሦስት ማዕዘን ቢተክልስ? በችግኝና በችግኝ መካከል ያለው ርቀት ያው 2 ሜትር ሆኖ ወደ 2,880 ይገባል፤ 15 በመቶ ያህል ብልጫ ማለት ነው። (ለጥላውና ለዝርያው የቱ ይሻላል የሚለውን ለግብርና ባለሙያው ትቻለሁ።) ይህ ብልጫ ከየት መጣ? ሦስቱም ጎኑ 2 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ከአናቱ ወደ መሠረቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። አሁን ረጅሙ ጎን 2፣ የታችኛው 1 የሆነ፣ 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን አገኛችሁ። ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3፤ የ3 ስኩዌር ሩት 1.73። ችግኞቹ ሳይቀራረቡ ረድፎቹ ከ2 ሜትር ወደ 1.73 ሜትር ተጠጉ።

ቪዲዮው ይህን ቀመር በሦስት ደቂቃ ይነግረዋል፤ ልጁም "ገባኝ" ይላል። መስመሩን በገዛ እጁ ያላወረደ ልጅ ግን ርቀቱ 2 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 3 ሜትር ሲሆን ይጠፋበታል።

መሠረት የሚያወጣ ግንበኛም እንዲሁ ነው። ገመዱን 3፣ 4፣ 5 ሜትር ለክቶ ማዕዘኑን ይይዛል፤ አራቱን ችካል ከተከለ በኋላ ደግሞ ሰያፉን ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም በኩል ይለካል። ትይዩ ጎኖቹ እኩል መሆናቸው ለምን አልበቃውም? ቤቱ ተዛንፎም ጎኖቹ እኩል ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ሰያፎቹም እኩል ከሆኑ ግን መዛነፍ አይችልም። ግንበኛው ይህን በልማድ ያውቃል። ለምን እንደማይችል የምታስረዳ ልጅ ጂኦሜትሪ አወቀች እላለሁ።

ስለዚህ ቪዲዮ ስትመርጡ ይህን "ለምን" ፈልጉ። ብዙ ቪዲዮዎች ላይ መምህሩ የወረቀት ሦስት ማዕዘን ይወስድና ሦስቱን ጫፎች ቀዶ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ያምራል። ነገር ግን የታየው ለዚያች ወረቀት ብቻ ነው። ማስረጃ የሚሆነው በአናቱ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አስምሮ፣ ማዕዘኖቹ ለምን እኩል እንደሆኑ ደረጃ በደረጃ ሲናገር ነው፤ ያኔ በዓለም ላይ ላለ ሦስት ማዕዘን ሁሉ ይሠራል። ወረቀቱን ቀዶ "አያችሁ፣ 180 ነው" ብሎ የሚያልፍ ትምህርት ጥቅስ ቢኖረውም አትግዙት፤ በነፃም ቢሆን ጊዜ ይበላል።

ነፃ የሆኑ ጥሩዎች አሉ። ካን አካዳሚ ከቪዲዮው ጋር መልመጃ አለው፤ ልጁ ሲቸገር ፍንጭ ይሰጠዋል። ኮሊብሪ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር አማካይነት አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ወንድም በላፕቶፑ ጭኖ ሊያመጣልን ይችላል። ጉድለቱ መልመጃው በአብዛኛው መልስ መምረጥና ቁጥር መሙላት መሆኑ ነው፤ ልጁ ማስረጃ በራሱ እጅ አይጽፍም። ጂኦጀብራም ነፃ ነው፤ ሥዕሉን እየጎተቱ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ ለማየት ከእሱ የሚሻል አላውቅም። በአማርኛ በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚለቀቁት ቋንቋቸው ይገባል፤ ብዙዎቹ ግን የፈተና አቋራጭ ናቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ቤንችኛ ወይም ካፊኖኖ እያወራ ላደገ ልጅ በእንግሊዝኛ የቀረበው ላይ በሚገባው ቋንቋ የሚያብራራለት ሰው መጨመር ግድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ትምህርት ከልጁ ጋር እዩ። ከዚያ ስልኩን አጥፉና ባዶ ወረቀት ስጡት። ሥዕሉን እንደገና ይሥራ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነም ለእናቱ ይንገራት። እናት ጂኦሜትሪ ባታውቅም ልጇ ሲንተባተብ ታውቃለች።

ሰው ያስፈልጋል ስል ለማብራሪያ ብቻ አይደለም። አስተዋይ ልጅ ስለ ክብ ሲማር አንድ ቀን 1ኛ ነገሥት 7፥23ን ያነባል። የሰሎሞን የናስ ኩሬ ወርዱ 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው ይላል። "31.4 መሆን አልነበረበትም?" ብሎ ይጠይቃል። ቪዲዮው አይሰማውም። አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ ደንግጦ "አትጠይቅ!" ካለው፣ ልጁ ከጂኦሜትሪውም ከመጽሐፍ ቅዱሱም ይሸሻል። እኔ ብሆን ሳፋና ክር አመጣለታለሁ። ወርዱን ይለካ፣ ዙሪያውን ይለካ፤ ከሦስት እጥፍ ትንሽ እንደሚበልጥ ራሱ ይየው። ከዚያ ቁጥር አጠጋግቶ መናገር ውሸት እንዳልሆነ፣ ቁጥር 26 ላይም ስለ ውፍረቱ ተጽፎ ስላለ ዙሪያው ከውስጥ ተለክቶ ሊሆን ይችላል የሚሉ እንዳሉ አብረን እንነጋገራለን። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ነገሩ እንዲህ መሆኑን በመመርመራቸው ነበር (ሐዋ. 17፥11)።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ወደ አጥቢያዎቹ ይመጣል። መካነ ኢየሱስ በ1950ዎቹ አጋማሽ የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ስትጀምር ያልተማረውን ያስተማረው የተማረው ጎረቤት ነበር። ዛሬ ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ እናዋጣለን፤ አዳራሾቻችን ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አብዛኛውን ሰዓት ተቆልፈው ይውላሉ። በየጉባኤያችን ምሕንድስናና ሒሳብ የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች አሉ፤ የምንጠራቸው ለመዘምራን ብቻ ነው። ለልጁ የቪዲዮ ክፍያ የላከ ዘመድም በዚያው ገንዘብ ለአሥር ልጆች ኮምፓስና ማስመሪያ ሊገዛ ይችል ነበር።

በእኛ አጥቢያ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው። የቤተ ክርስቲያን አባል መሆን አይጠየቅም። ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመቀመጥ ቃል ገብተዋል፣ ሦስተኛ እንፈልጋለን። ቪዲዮውን ቤት አይታችሁ ኑ። ባዶ ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ቡና ለቀማ ላይ ያሉት ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚመቻቸው ይንገሩን፣ ሰዓቱን እናዛውራለን።